ሰላም አስከባሪው የማን ልጅ ነው?

አሽቀሎን ውስጥ ስለ ጋዛ ወሬ ሲነሳ ከሁላችንም አፍ የማይጠፋ አንድ የዕብራይስጥ አባባል አለ፤ «ኡም ሽሙም» የሚል። ኡም ማለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስም በዕብራይስጥ በአጭሩ ሲጠራ ነው። ሽሙም ግን ራሱን የቻለ ትርጉም የለውም፤ እኛ በአማርኛ «ድርጅት ምናምን» ብለን አንድን ነገር እንደምናጣጥለው ዓይነት ማጣጣያ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በኅዳር 2025 ወደ ጋዛ ዓለም አቀፍ የማረጋጊያ ጦር እንዲገባ የሚፈቅድ ውሳኔ ባሳለፈ ጊዜ ይህ አባባል እንደገና በየቦታው ተሰማ። በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በማኮሌት በር ላይ፣ ከሚሉኢም በተመለሱ ልጆቻችን አፍ፣ የዕብራይስጡን ዜና አጣርተው በማይሰሙ እናቶቻችን ዘንድ ሳይቀር «ኡም ሽሙም» ተባለ።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ማወቁ አይጎዳም። ተናጋሪው ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ናቸው፤ ዘመኑም 1955 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ከጋዛ የገቡ ታጣቂዎች ፓቲሽ በምትባል የአዲስ ገቢዎች ሞሻቭ ሠርግ ላይ የነበሩ ሰዎችን አጠቁ። አንዲት ወጣት ተገደለች፤ ብዙ ሰዎችም ቆሰሉ። ያን ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ቤን ጉሪዮን ጋዛን ከግብፅ እጅ እንውሰድ የሚል ሐሳብ ለሚኒስትሮች ጉባኤ አቀረቡ። የተባበሩት መንግሥታት ምን ይላል የሚል ተቃውሞ ሲነሳ ከአፋቸው የወጣው ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው። የማይጠቀሰው ግን በጠቅላይ ሚኒስትር ሞሼ ሻሬት ይመራ የነበረው መንግሥት ሐሳቡን ሳይቀበለው መቅረቱ ነው።

እንግዲህ አባባሉ የተወለደው በእኛው አካባቢ፣ እንደኛው ከሩቅ በመጡ ዖሊም ደም ምክንያት ነው። ከጋዛ ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት የምንኖር ሰዎች ነን። በጥቅምት 2023 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ማማድ በሌላቸው አሮጌ ብሎኮች ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ልጆቻቸውን አቅፈው በደረጃ ሥር ሲያድሩ የተባበሩት መንግሥታት አልደረሰላቸውም። ስለዚህ «ኡም ሽሙም» የሚለውን ሰው አልቆጣውም። የምለው ሌላ ነው። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ይህን አባባል እንዳለ ተቀብለን ስንደግመው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን የራሳችንን ታሪክ ጥለን የሰው ታሪክ መልበሳችን ነው። የእኛው ታሪክ ደግሞ ከዚህ አባባል የበለጠ መራራ፣ የበለጠም አስተማሪ ነው።

በመጀመሪያ ግን ለባለ አባባሉ እውነቱን እንስጠው። ከ1956ቱ የሲና ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት በታሪኩ የመጀመሪያውን የታጠቀ ሰላም አስከባሪ ጦር ያሰፈረው እዚሁ አጠገባችን፣ በጋዛና በሲና ነበር። ለዚህ ሐሳብ የደከሙት የካናዳው ሌስተር ፒርሰን በ1957 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ካናዳ፣ ሕንድ፣ ብራዚል፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዩጎዝላቪያና ሌሎችም ወታደሮቻቸውን ላኩ። ይሁን እንጂ ጦሩ የቆመው በግብፅ በኩል ብቻ ነበር። እስራኤል በእኔ መሬት ላይ አይቆምም አለች፤ ግብፅ ደግሞ እስከፈቀደች ድረስ ብቻ ነበር የሚቆየው። ከአሥር ዓመት በላይ ድንበሩ በአብዛኛው ጸጥ አለ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። በግንቦት 1967 ናስር ውጡልኝ ሲሉ ግን ዋና ጸሐፊው ዑ ታንት በሁለት ቀን ውስጥ እሺ አሉ። በሰኔ ጦርነቱ ተነሳ። ጓዛቸውን ጠቅልለው ሳይጨርሱ እዚያው ጋዛ ውስጥ የሞቱ የሕንድ ወታደሮችም ነበሩ። አባ ኢባን በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ቆመው፣ ዝናብ ሲጀምር የሚታጠፍ ጃንጥላ ምን ይረባል ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በዓለም ላይ «ኡም ሽሙም» ለማለት ከማንም በፊት መብት የነበራት አገር ብትኖር ኢትዮጵያ ናት። ኢትዮጵያ በመሬቷ ስፋትና በሕዝቧ ቁጥር ትንሽ አይደለችም፤ በዓለም መንግሥታት ሚዛን ላይ ግን ምንጊዜም ከትንንሾቹ ጋር ነው የተቆጠረችው። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ከአባሎቹ አንዱን የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል ይል ነበር። በጥቅምት 1935 ጣሊያን ወረራት። ማኅበሩ ጣሊያን አጥፍታለች ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ሆኖም ነዳጅ አልከለከለም፤ እንግሊዝም የስዊዝን ቦይ አልዘጋችም። የጣሊያን መርከቦች ወታደርና የመርዝ ጋዝ ጭነው በዚያው ቦይ አለፉ። በጦርነት ታንኩ ያለ ነዳጅ፣ መርከቡም ያለ መንገድ እንደማይሄድ ጄኔቫ ያሉት ሰዎች አያውቁም ነበር ለማለት አይቻልም።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1936 ከአገር ሲወጡ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ወረዱ፤ ኢየሩሳሌምም ተቀመጡ። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በሰኔ ወር መጨረሻ በጄኔቫው ጉባኤ ፊት በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በቀናት ውስጥ ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሳ። የእኛም አያቶች በጎንደርና በትግራይ ያንን የአምስት ዓመት መከራ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አብረው ኖረውታል፤ በየቤቱ ጥቂት ሳይነገረው ያደገ የለም።

ታዲያ ይህ የደረሰባት አገር ከጦርነቱ በኋላ ምን አደረገች? ፊቷን አላዞረችም። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። በ1950 ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወርና ድርጅቱ ጦር ሲጠይቅ፣ ከክብር ዘበኛ የተመረጠ ሻለቃ አዘጋጅታ በ1951 በመርከብ ላከች። ስሙ ቃኘው ተባለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በሕይወታቸው ባሕር አይተው የማያውቁ የገበሬ ልጆች በረዶ ላይ ሊዋጉ ሄዱ። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ሌላ አገር አልነበረችም። በ1953 ተኩሱ እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች ተፈራረቁ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው እንዳልተማረከባቸው በኩራት ሲነገር ይኖራል።

ይህን ሁሉ ንጉሡ ለጽድቅ ብቻ አደረጉት የሚለኝ ካለ አላምነውም። በታኅሣሥ 1950 የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል ወስኖ ነበር፤ በ1952ም ተፈጸመ። በ1953 ከአሜሪካ ጋር የጦር መሣሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ አሥመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም «ቃኘው» ተብሎ ተጠራ። በውለታ ላይ ውለታ ነው። ወደ ኮሪያ የተጫኑት ወታደሮች ሂሳቡን አልሠሩትም፤ የተሠራው በላያቸው ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ከሂሳቡ ሥር አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። ደካማው ሲወረር ዓለም ዝም አይልም የሚለው ሕግ ለኮሪያ ካልሠራ ለኢትዮጵያም ዳግመኛ አይሠራም። በ1936 የተካደች አገር፣ ሕጉ ዋጋ የለውም ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። እርሷ ግን ሕጉ ያልሠራው የሚያስከብረው ሰው ስለጠፋ ነው፣ እንግዲያው አንዱ አስከባሪ እኔ ልሁን አለች። ንቀትና ይህ አቋም ከአንድ ቁስል የሚነሱ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ሁለተኛውን መረጠች።

በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ከበደ ገብሬ የሚባሉ መኮንን ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ኮንጎ ነፃ በወጣች ማግስት ስትበጣበጥ ኢትዮጵያ እንደገና ጦር ላከች። እኒሁ ሰው፣ አሁን ሌተና ጄኔራል ሆነው፣ ከ1962 እስከ 1963 በኮንጎ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሁሉ አዛዥ ሆኑ። ስዊድኖች፣ አየርላንዶች፣ ሕንዶች ሁሉ በአንድ የኢትዮጵያ ጄኔራል ሥር ሆኑ ማለት ነው። የካታንጋ መገንጠል ያበቃውም እርሳቸው አዛዥ በነበሩበት በጥር 1963 ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ኢትዮጵያ የሚሰሙት ረሃብንና አውሮፕላንን ብቻ ነው፤ እንራባለን፣ ከዚያ እንታደጋለን። ይህን ሰው ግን በምን መጽሐፍ ያውቁታል?

ፍጻሜያቸውም መነገር አለበት። በኅዳር 1974 ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስልሳ ከሚሆኑ ሰዎች መካከል ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ አንዱ ናቸው። ለዓለም ሰላም የዘመተው ሰው በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረበም። ከኮሪያ የተመለሱት ዘማቾችም በደርግ ዘመን ከኮሙኒስቶች ጋር ተዋግታችኋል ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው የእነርሱ ሰፈር ነው። ደቡብ ኮሪያ ሀብታም ስትሆን የደከሙት አባቶች እርሷ በምትልክላቸው እርዳታ ሲጦሩ ታዩ።

ከ1991 በኋላ የመጣው መንግሥትም ይህን ልማድ ቀጠለበት። በ1994 ሩዋንዳ ገባ። እልቂቱ ካለፈ በኋላ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ ወር፣ ሰዉ እየታረደ ሳለ፣ እዚያ የነበረውን ጦር እንዲቀነስ ወስኖ ነበር። ቀጥሎ በ2003 ብሩንዲና ላይቤሪያ፣ ከዚያም ዳርፉር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢትዮጵያ ከስምንት ሺህ በላይ ወታደሮች በማሠማራት ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ በመላክ ከዓለም አንደኛ እስከመሆን ደርሳ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ ግን አቢዬ ነው። አቢዬ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚጣሉባት፣ የከብት ግጦሽና ነዳጅ ያለባት ምድር ናት። በሰኔ 2011 ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ፤ በመካከላችን ይቁም ያሉት ጦር የኢትዮጵያን ጦር ነው። በዚያው ወር የጸጥታው ምክር ቤት አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው እንዲሰማራ ፈቀደ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሁለት ባላንጣዎች የሚያምኑት አንድ ጎረቤት ማግኘት በዚህ በእኛ አካባቢ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለአሽቀሎን ሰው አልነግረውም።

የዚያ ጦር የመጀመሪያው አዛዥ ታደሰ ወረደ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ብርሃኑ ጁላ አዛዥ ሆኑ። አንባቢዎች ሁለቱን ስሞች ታውቋቸዋላችሁ። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሳ አንደኛው የትግራይ ኃይሎች አዛዥ፣ ሁለተኛው የፌዴራሉ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነው ሁለት ዓመት ተዋጉ። በኅዳር 2022፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ናይሮቢ ላይ ተቀምጠው ትጥቅ ስለማስፈታት የፈረሙት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የሰው አገር ሰዎች እንዳይጋደሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰማያዊ ባንዲራ ሥር አዛዥ የነበሩ ናቸው። በመካከሉ ስንት ሺህ ሰው እንዳለቀ ሁሉም ያውቃል፤ ቁጥሩን የሚከራከሩበት ይከራከሩበት።

ጦርነቱ በየተልዕኮው የነበሩትን ወታደሮችም አልማራቸውም። በየካቲት 2021 ከደቡብ ሱዳን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱት መካከል የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ወታደሮች አንሳፈርም አሉ። በዚያው ዓመት በዳርፉር ተልዕኮ ላይ ከነበሩት ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሱዳን ውስጥ ጥገኝነት ጠየቁ። ሰላም ሊያስከብር የሄደ ሰው ራሱ ስደተኛ ሆነ። ሱዳንም በድንበርና በግድቡ ምክንያት ከአዲስ አበባ ጋር ስለተቃቃረች የኢትዮጵያ ጦር ከአቢዬ ይውጣልኝ አለች፤ በ2022 በሌሎች አገሮች ጦር ተተካ። አሥር ዓመት የተገነባው አመኔታ በአንድ ዓመት ፈረሰ።

እዚህ ላይ ከመስመር ወጣ ልበል። «ኡም» የሚለውን ቃል ስሰማ እኔና የእኔ ዕድሜ ሰዎች መጀመሪያ የሚመጣብን ኒውዮርክ አይደለም፤ ኡም ራኩባ ነው። ገዳሪፍ አካባቢ ያለው፣ በ1984 ብዙ ቤተ እስራኤል ማንነታቸውን ደብቀው የተጠለሉበት፣ ብዙዎቹም የቀሩበት የሱዳን ካምፕ። ያው ካምፕ በኅዳር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። ስሙ በዓረብኛ ሌላ ትርጉም አለው፤ ከዕብራይስጡ ኡም ጋር አይገናኝም። ግን እዚያ የነበረው ሰው ዱቄቱንና ድንኳኑን ማን እንዳመጣለት አይረሳም፤ ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣና ስንቱ እንዳላየውም እንዲሁ። ስለ ዓለም መንግሥታት እኛ የምናውቀው ይኸው ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ፣ የማይበቃ፣ ባይመጣ ግን የባሰ ይሆን የነበረ ነገር።

የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የባለሥልጣን ወሬ ነው፣ እኛን የሚመለከተን የመሽካንታና የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እነርሱን የማስታውሳቸው ይህን ነው። በጥቅምት 1973 ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን ስታቋርጥ የዓሊያችን በር ጠበበ። በኅዳር 1989 ግንኙነቱ ሲታደስ ኤምባሲው አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በዚያ ግቢ ተሰልፈን ነው በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው የተሻገረው። በነሐሴ 2023 በጎንደርና በባሕር ዳር ውጊያ ሲነሳ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በአውሮፕላን የወጡት ሁለት መንግሥታት ስለተነጋገሩ ነው። እናቱን ጎንደር ትቶ የመጣ ሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

ስለዚህ ስለ ጋዛው ጦር ስንነጋገር ማጨብጨብም ማጣጣልም አይበቃም፤ ወረቀቱን መመርመር ነው። ለዚህ ደግሞ ከደጃችን ሁለት ምሳሌ አለን። አንደኛው ያ በ1967 የታጠፈው ጃንጥላ ነው። ሁለተኛው በ1982 ሲና የገባው ጦር ነው። ይህ ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት ተቃውሞ ምክንያት የጸጥታው ምክር ቤት አልሆን ሲለው ግብፅ፣ እስራኤልና አሜሪካ ከድርጅቱ ውጭ ያቋቋሙት ነው። የኮሎምቢያ፣ የፊጂ፣ የኡራጓይ ልጆች አሉበት። የቆየበትም ምክንያት ወታደሮቹ ከሌሎቹ ስለሚበረቱ አይደለም። ከኋላው በ1979 የተፈረመ የሰላም ውል ስላለ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ፈርመዋል፤ አንደኛው ብቻውን ተነስቶ ውጡ ሊል አይችልም። የ1956ቱ ጦር ግን ከኋላው ውል አልነበረውም። ወደ ሰሜን ብንሄድም ያው ነው። ደቡብ ሊባኖስ ከ1978 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ቆሟል፤ እርሱ ቆሞ ሳለ ሂዝቦላህ ታጠቀ። የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ 2025 ይህ ጦር በ2026 መጨረሻ ተልዕኮውን እንዲያበቃ ወሰነ። በማይስማሙ ሰዎች መካከል የቆመ ወታደር ያያል፣ ይጽፋል፤ ከዚያ አያልፍም።

የላኪዎቹንም ልጆች አንርሳ። ፊጂ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ደሴት ናት። ለእርሷ ሰላም ማስከበር ስምም ነው፣ ደመወዝም ነው፤ ወታደሩ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል። በነሐሴ 2014 በሶሪያ በኩል ጎላን ላይ የነበሩ 45 የፊጂ ወታደሮች በታጣቂዎች ታግተው ሁለት ሳምንት ተይዘዋል። ጎላን የት እንደሆነ የማታውቅ እናት በዚያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንደሰነበተች ልጇን ወደ ጸሃል የላከች የአሽቀሎን እናት አትጠይቅም። ወደ ጋዛ የሚገባው ጦር ከየት አገር ይምጣ ከየት፣ አብዛኛው የድሃ ልጅ እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ በግልጽ ካልተጻፈለት ለእኛም ለጋዛ ሰዎችም ለራሱም አይሆንም።

እስራኤልም ትንሽ አገር ናት። ከ1948 ጀምሮ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ የታዛቢዎቹ ዋና መሥሪያ ቤት ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ነው። ላኪ ሆና ግን እምብዛም አልታየችም። በ1994 ለሩዋንዳ ስደተኞች ጎማ ላይ የጦር ሐኪሞች ሆስፒታል ተክላ ነበር። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ሆስፒታል ላከች፤ ቆየት ብላም በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ሥር የሚሠሩ ጥቂት ፖሊሶችን ላከች። የምትኮራበት ነገር ነው። ከዚህ በላይ ማድረግ ትችላለች ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሞችን፣ ፖሊሶችን፣ መሐንዲሶችን፣ በተለይም ወደ አፍሪካ። ለዚህም የተዘጋጁ ልጆች አሉ። አማርኛና ትግርኛ ከቤታቸው፣ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት፣ ዲሲፕሊን ከጸሃል ይዘው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆቻችን። በ2012 አምቦበር የተወለዱት በላይነሽ ዘባድያ በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሲሆኑ ሁላችን እልል አልን። እልልታው ተገቢ ነበር፤ በአንድ ሰው ግን መቆም የለበትም።

የምርጫ ሰሞን የክኔሴት ዕጩዎች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ስለ ቤትና ስለ ሥራ እንጠይቃቸዋለን፤ እንቀጥልበት። ከዚያ ጋር ግን እነዚህን ጨምሩባቸው። ለጋዛው ጦር ከኋላው ያለው ውል ምንድን ነው፣ የፈረሙትስ እነማን ናቸው? ውጡ የማለት መብት ያለው ማን ነው? ወጥተው የሄዱ ቀን ማታ፣ ማማድ በሌለው ብሎክ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ምን ይጠብቀዋል? በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሥልጠና ኮርስ ውስጥ ዘንድሮ ስንት የእኛ ልጆች ገቡ? ጥያቄዎቹን በጥሩ ዕብራይስጥ የሚያስቀምጥልን ወጣት ቢገኝ በሚቀጥለው እትም በዕብራይስጡ ገጽ ላይ እናወጣቸዋለን፤ አዛውንቶቹም ቆርጠው በኪሳቸው ይዘው ወደ ስብሰባው ይምጡ።